የባቶሪ የመጀመሪያ አልበም ለምን እንደዚያ ይሰማል?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ውስጥ በአንድ ሳውንድ ካርድና በአንድ ማይክ ጊታር እቀርጻለሁ። ጓደኛዬ የስዊድኑን ሜታል ባንድ የባቶሪን የመጀመሪያ አልበም ላከልኝና ‹ይህን ሳትሰማ ስለ ብላክ ሜታል እንዳታወራ› አለኝ። ሰማሁት። ድራሙ ቀጭን ነው፣ ቤዙ አይለይም፣ ዘፋኙ ከሌላ ክፍል የሚጮህ ይመስላል። ሰው ግን ‹ውበቱ ሸካራነቱ ላይ ነው› ይላል። የምር ነው ወይስ ፋሽን? ዛሬ ባለው ቴክኖሎጂ ቢጸዳስ አይሻልም? እኔስ ሆን ብዬ እንዲህ ልቅረጽ?»

መልስ፦

ጆሮህ ደህና ነው። ድራሙ ቀጭን ነው። ቤዙም ጊታሩ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል። «ሲለመድ ጥርት ብሎ ይሰማል» የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። መቶ ጊዜ ብትሰማውም ጥርት አይልም።

እኔ እንጀራዬ ሚክሲንግ ነው። ሰው የቀረጸውን ተቀብዬ አጸዳለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ቦታ ቦታውን አስይዛለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ለደንበኛ ባስረክብ ሒሳቤን አላገኝም። ሆኖም የዚህን አልበም ቴፕ አምጥተው «በል አጽዳው» ቢሉኝ እምቢ እላለሁ። ነገሩ የድሮ ዕቃ ፍቅር አይደለም። ያኔ የነበረው ችግር ዘፈኖቹ ውስጥ ገብቷል። ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመጣው አጭር የጊታር ዜማ)፣ ፍጥነቱ፣ አዘፋፈኑ ሁሉ ከዚያ ድምፅ ጋር ተስማምቶ ነው የቆመው። ልጠብህ ብትለው ሙዚቃው አብሮ ይታጠባል። ይህን ላሳይህ እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ባቶሪ በ1983 ስቶክሆልም ውስጥ ተመሠረተ። መሪው ክዎርቶን በሚል ስም የሚታወቀው ቶማስ ፎርስበርግ ነው። ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ ዘፈኖቹንም ይደርሳል። በ1984 መጀመሪያ ላይ ታይፎን የሚባል የስዊድን ሙዚቃ ቤት «ስካንዲኔቪያን ሜታል አታክ» የተባለ የስብስብ ሸክላ ሲያዘጋጅ አንድ ባንድ በመጨረሻ ሰዓት ቀረበት። ክፍተቱን እንዲሞሉ የተጠሩት እነክዎርቶን ናቸው። ሁለት ዘፈን ሰጡ። ሸክላው ወጥቶ ደብዳቤ መምጣት ሲጀምር ግን አብዛኛው ስለነሱ የሚጠይቅ ሆነ። የሙዚቃ ቤቱም «እንግዲያው ሙሉ አልበም ሥሩ» አለ።

ሠሩ። በሰኔ 1984 ሄቨንሾር የሚባል ስቱዲዮ ገቡ። ስቱዲዮ ማለት ስሙ ነው፤ ጋራዥ ነበር። ቴፑ 8 ትራክ ነው። ወጪው 5,000 የስዊድን ክሮና ገደማ እንደነበር ይነገራል። ቀረጻውና ሚክሱ የፈጀው ጊዜ በሳምንት ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ነው። ከክዎርቶን ጋር ፕሮዲውስ ያደረገው የሙዚቃ ቤቱ ሰው ቦርዬ ፎርስበርግ ነው፤ ሁሉም «ቦስ» ነው የሚለው። ስቴፋን ላርሰን ድራም፣ ሪካርድ በርግማን ቤዝ ያዙ። ክዎርቶን ያኔ 18 ዓመቱ ነው። አልበሙ የወጣው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሲሆን መግቢያውና መውጫው ተደምሮ ከ27 ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ።

8 ትራክ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንተ በላፕቶፕ ስለምትቀርጽ ላይታይህ ይችላል። አንተ ጊታርህን አሥር ጊዜ ብትደራርብ የሚከለክልህ የለም። ቴፕ ላይ ግን መስመሩ 8 ነው፣ አለቀ። ለድራም ምን ያህል ትሰጣለህ? ዛሬ አንድ የሜታል ድራም ለብቻው ከ8 ማይክ በላይ ይፈልጋል። እዚያ ግን ጊታርም፣ ቤዝም፣ ድምፅም ከዚያችው ከ8ቷ ነው የሚካፈሉት። ስለዚህ ድራሙ ተጨፍልቆ ይገባል። አንዴ ተቀላቅሎ ከተቀረጸ ደግሞ «ስኔሩን (ትንሿን ከበሮ) ትንሽ ከፍ፣ ሲምባሉን (የብረት ሳህኑን) ትንሽ ዝቅ» የሚባል ነገር የለም። ሲምባሉን ከነካህ ስኔሩም ይነካል።

በዚያ ላይ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ክፍያውም እየቆጠረ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብትሳሳት ከመጀመሪያው መድገም አለ፣ ወይ ስህተቱን ተሸክሞ ማለፍ አለ። በዚህ አልበም ላይ ድራሙና ጊታሩ የሚላቀቁባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ ቀድሞ ይሮጣል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከጥቂት ምት በኋላ ይገናኛሉ። ዛሬ ይህ በኮምፒውተር መስመር ይያዛል። እዚያ ግን ሳይነካ ቀርቷል። እኔ እነዚህን ቦታዎች እወዳቸዋለሁ። ሦስት ልጆች ከአቅማቸው በላይ ለመፍጠን ሲታገሉ በጆሮህ ታያቸዋለህ። ፍጥነት ፍጥነት የሚመስለው ሊያመልጥ ሲል ነው። በክሊክ ትራክ (ምት በሚቆጥር ድምፅ) ተስተካክሎ በደቂቃ 240 ምት የሚሄድ ዘመናዊ ድራም ብዙ ጊዜ ከዚህ የዘገየ ሆኖ ይሰማኛል።

ዋናው ጉዳይ ግን ጊታሩ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ።

ክዎርቶን የተጠቀመው ለልምምድ የሚሆን ትንሽ አምፕሊፋየር ነው። ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ በወጉ ማውጣት አይችልም። የጊታር ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት 82 ኸርትዝ ላይ ነው፤ ትንሿ ስፒከር ግን እዚያ ስትደርስ ትደክማለች። ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅም ይቆረጣል። የሚቀረው መሀሉ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ አብልጦ የሚሰማው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርትዝ ባለው አካባቢ ነው። እንግዲህ አስበው፤ አቅም የሌላት አምፕ ያላትን ሁሉ ጆሮህ በጣም ንቁ በሆነበት ቦታ ላይ ታፈሰዋለች። ጊታሩ ትልቅ አይደለም። ግን ይቆርጣል።

በላዩ ላይ ዲስቶርሽን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር፣ ጨምርበት። ዲስቶርሽን ትልቁንና ትንሹን ድምፅ ያስተካክላል፤ ቀስ ብለህ ብትመታም ጠንክረህ ብትመታም ውጤቱ ይቀራረባል። ከዚያ ክሩ የሚመታበት ፒክ በፍጥነት ይመጣል። ለምሳሌ በደቂቃ 200 ምት ብትይዝና በእያንዳንዱ ምት 4 ጊዜ ብትመታ በሰከንድ 13 ጊዜ መታህ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት አንዱ ምት ከሌላው አይለይም። ሪቨርብ (የገደል ማሚቶ ዓይነት ማስተጋባት) ሲጨመርበት ደግሞ የቀደሙት ምቶች ሳይሞቱ አዲሶቹ ይደርቧቸዋል። አሁን የምትሰማው «ጊታር ሲመታ» አይደለም። አንድ ወጥ የሆነ የሚነዝር ድምፅ ነው፤ ውስጡ ዜማ ይንቀሳቀሳል። ዜማው ደግሞ ሁለት ሦስት ኖታ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቢሆን ኖሮ አይሰማም ነበር። ለዚህ ነው «ሪፎቹ ቀላል ናቸው» የሚለው ትችት የማይዋጥልኝ። ያ ድምፅ የሚሸከመው ቀላል ሪፍ ነው። ውስብስብ ነገር ብትጭንበት ይድበሰበሳል።

ንዝረትን እንደ ጉድለት ብቻ የምታይ ከሆነ ቤታችን ያለውን በገና አስታውስ። በገና ክሩ ብቻውን ቢመታ ለስላሳ ነው። ክሩና ብርኩማው መካከል ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ሲገባ ነው ያ የምናውቀው መንዘር የሚመጣው። ደርዳሪው እንዚራውን ወዲያ ወዲህ እያለ ንዝረቱን ያስተካክላል። ንዝረቱ ከጠፋ «በገናው አልተቃኘም» ነው የሚባለው። (የበገና ወዳጆች ይቅር በሉኝ፤ ያወራሁት ስለ ድምፅ ጠባይ ነው እንጂ መንፈሱ የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቅ ይገባኛል።) ድምፅ የሚነዝረው ስለተበላሸ ነው የሚለው ሐሳብ ሁሌም አይሠራም። ንዝረት ራሱ የሚፈለግበት ጊዜ አለ።

ስለ ዘፋኙ ያልከው «ከሌላ ክፍል ይጮሃል» የሚለው ትክክለኛ ገለጻ ነው። የአንድ ድምፅ ርቀት የሚታወቀን በቀጥታ ከሚመጣው ድምፅና ከግድግዳ ተመልሶ ከሚመጣው ድምፅ ሚዛን ነው። ቀጥታው ከበዛ ሰውየው አጠገብህ ነው። ተመላሹ ከበዛ ሩቅ ነው። ክዎርቶን ተመላሹን አብዝቶታል። ቃላቱ ይጠፋሉ፣ ጩኸቱ ይቀራል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የሜታል ዘፋኞች ብዙዎቹ ድምፃዊ መሆናቸው እንዲታወቅ የሚፈልጉ ነበሩ። ከፍ ያለ ድምፅ፣ ረጅም ትንፋሽ። ይህ ልጅ እንደዚያ መዝፈን አይችልም። አለመቻሉንም አልደበቀም። ድምፁን እንደ አንድ ተጨማሪ ሸካራ መሣሪያ ተጠቀመበትና ወደ ኋላ ገፋው። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ባንዶች የሚጮሁት እንደዚያ ነው።

አንድ ቦታ ጠጋ ብለን እንስማ። አልበሙ የሚጀምረው «ስቶርም ኦፍ ዳምኔሽን» በሚል መግቢያ ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ነፋስ ነገር ይነፍሳል። ዜማ የለም፣ ምት የለም። 27 ደቂቃ ላለው አልበም ሦስት ደቂቃ ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ስትሰማው ምናልባት አልፈኸው ይሆናል። አትለፈው። በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ጆሮህ ለዝቅተኛ ድምፅ ይለማመዳል። ምናልባትም ድምፁን ትጨምራለህ። ከዚያ «ሄዲስ» ይመጣል፤ ያች ቀጭን አምፕ ግድግዳ የምታፈርስ መስላ ትገባለች። ጊታሩ ትልቅ የሆነው ከፊቱ ያለው ትንሽ ስለሆነ ነው። ይህ የሚክሲንግ ብልሃት ነው፤ ገንዘብ አልጠየቀም። ችግር በቅቤ ያስበላል ማለት እንዲህ ነው። በኋላ «ሬይዝ ዘ ዴድ» ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። እዚያ ሪቨርቡ ለመተንፈስ ጊዜ ያገኛል፤ ክፍሉ የሰፋ ይመስላል። ያው አምፕ፣ ያው ጋራዥ ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ባንድ ላይ «አልበሙ ደካማ ነው፣ መድረክ ላይ ግን ሌላ ናቸው» ማለት ትችላለህ። ባቶሪ ላይ አትችልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተጫወቷቸው ጥቂት ትንንሽ ዝግጅቶች በቀር መድረክ ላይ አልወጡም። በኋላ ጭራሹን ተዉት። ስለዚህ ከሸክላው ጀርባ የተደበቀ «ትክክለኛው» ድምፅ የለም። ስዊድን ያለውም ወጣት፣ ብራዚል ያለውም ወጣት የሚያውቀው ያንኑ ሸክላና ከሱ የተገለበጠ ካሴት ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ጥራቱ ይቀንሳል። አንዳንዱ ሰው የሰማው ባቶሪ አንተ ከሰማኸው በብዙ የባሰ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ነው ባንድ የመሠረተው።

«ታዲያ ማንም በመጥፎ ዕቃ ቢቀርጽ ይወደዳል ማለት ነው?» ብትለኝ፣ የለም። በዚያ ዘመን በደካማ ዕቃ የተቀረጸ ሜታል ሞልቷል፤ አብዛኛው ተረስቷል፣ መረሳቱም ደግ ነው። የቀሩትን ስታይ ሁሉም ላይ አንድ ነገር ታገኛለህ፤ ሙዚቃው ያንን ድምፅ ይፈልገዋል።

ቬነምን ውሰድ። ከኒውካስል የመጡ እንግሊዞች ናቸው። «ዌልካም ቱ ሄል» የተቀረጸው በ1981 ኢምፐልስ ስቱዲዮ በ3 ቀን ነው። ቤዝ የሚጫወተውና የሚዘፍነው ክሮኖስ እዚያው ስቱዲዮ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ባንዱ የመሰለው ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) እየቀረጸ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ኒት ሪከርድስ ግን እንዳለ አወጣው። በዓመቱ ያወጡት «ብላክ ሜታል» የተባለ አልበም ደግሞ ለዘርፉ ስሙን ሰጠው። (ክዎርቶን ያን የመጀመሪያ አልበም ስሠራ ቬነምን አልሰማሁም፣ የኔ ምንጭ ብላክ ሳባዝ፣ ሞተርሄድና ጂቢኤች የሚባሉት ባንዶች ናቸው ይል ነበር። ሁለቱን አከታትለህ ስማና የራስህን ፍርድ ስጥ። እኔ በበኩሌ ለማመን ይቸግረኛል።)

ሄልሃመር ደግሞ ስዊሶች ናቸው። «አፖካሊፕቲክ ሬይድስ» የወጣው ከባቶሪ ጋር በአንድ ዓመት ነው፣ በ1984። ያኔ የነበሩ የሜታል መጽሔቶች ክፉኛ ተሳለቁባቸው። ባንዱም በዚያው ዓመት ፈረሰ። መሪው ቶም ገብርኤል ፊሸር ከማርቲን አይን ጋር ሴልቲክ ፍሮስትን መሠረተና ያለፈውን ለረጅም ጊዜ እንደ እዳ ቆጠረው። እነዚያ የተሳለቁባቸው ዘፈኖች ግን ሳይሞቱ ቀሩ። ከ2019 ጀምሮ ፊሸር ራሱ «ትራይምፍ ኦፍ ዴዝ» በሚል ባንድ እነሱኑ ይዞ መድረክ ይወጣል። የሄልሃመር ሸካራነት ከባቶሪ ይለያል። የሱ ቀርፋፋና ከባድ ነው፤ እንደ ጭቃ ይይዝሃል።

ለጥያቄህ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ዳርክስሮን ነው። ኖርዌጂያን ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በስቶክሆልሙ ሰንላይት ስቱዲዮ የተሠራ ደህና፣ ንጹሕ የዴዝ ሜታል (የሌላ ከባድ የሜታል ዘርፍ) ሥራ ነው። ስለዚህ በደንብ መቅረጽ ያውቃሉ፤ ገንዘብ የሚሰጣቸው የሙዚቃ ቤትም አላቸው። ከዚያ በ1991 ሁለተኛውን ቀርጸው ሲያመጡ የእንግሊዙ ሙዚቃ ቤታቸው ፒስቪል ደነገጠ። «ጊታሩ ቀጥኗል፣ እንደገና ሚክስ ይደረግ» አለ። ልጆቹ «እንዲህ ካልወጣ ሌላ ቦታ እናወጣዋለን» አሉ። በ1992 እንዳለ ወጣ። በ1994 «ትራንሲልቬኒያን ሀንገር» ላይ ጭራሽ በ4 ትራክ ማሽን ቤት ውስጥ ቀረጹ። ሁሉንም መሣሪያ የተጫወተው ፌንሪዝ ብቻውን ነው፤ የዘፈነው ኖክተርኖ ኩልቶ ነው። ባቶሪ የተቸገረበትን ነገር እነሱ መርጠው አመጡት። ይሠራል ወይ? በኔ ጆሮ ይሠራል፤ ምክንያቱም ሪፎቹን ለዚያ ድምፅ ብለው ነው የደረሷቸው። ረጅም፣ ተደጋጋሚ፣ ሁለት ክር ላይ የሚንሸራተቱ። ያንኑ ሪፍ በወፍራም ጊታር ብትጫወተው ይሰለቻል።

አሁን «ቢጸዳስ?» ወዳልከው። ሪማስተር የሚባለው ያለቀለትን ሚክስ መልሶ ማስተካከል ነው። የታፈነውን ትንሽ መክፈት፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ድራሙን ከጊታሩ መለየት ግን አይቻልም። ዛሬ ድምፅን ከድምፅ የሚለያዩ ሶፍትዌሮች መጥተዋል፤ እኔም በሥራዬ እጠቀምባቸዋለሁ። ለንግግር ግሩም ናቸው። እንዲህ ላለው ሙዚቃ ግን ይቸገራሉ፤ ሲምባሉ፣ ጊታሩና የቴፑ ሹክሹክታ አንድ ዓይነት ነገር ሆነዋልና የቱን ከየቱ ይለዩት? ተሳካ እንበል። የምታገኘው ያልተገናኙ ሦስት ልጆች ነው። ለየብቻ ሲሰሙ ድራመሩ ደካማ ነው፣ ጊታሩ ቀጭን ነው፣ ዘፋኙ አይዘፍንም። አንድ ላይ ያያያዛቸው ያ ጭቅቅት ነው።

ችሎታው የለም ነበር እንዳትል ደግሞ የባቶሪን ቀጣይ ሥራዎች ስማ። በ1988 የወጣው «ብለድ ፋየር ዴዝ»ና በ1990 የወጣው «ሃመርሃርት» የተቀረጹት እዚያው ሄቨንሾር ነው። እዚያ ግን የተደራረበ የመዘምራን ድምፅ አለ፣ አኩስቲክ ጊታር አለ፣ አሥር ደቂቃ የሚሄዱ ዘፈኖች አሉ። ክዎርቶን ሌላ ሙዚቃ ሲያስብ ሌላ ድምፅ አወጣ። እነሱም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም፤ ግን ሸካራነታቸው ሌላ ነው። የ1984ቱን ዘፈኖች በ«ሃመርሃርት» ድምፅ ብትሠራቸው ባዶ ሳጥን ይሆናሉ።

ፋሽን ነው ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ፋሽንም አለበት። ለምን ልዋሽህ። የሽፋኑን ታሪክ ስማ። ሽፋኑ ላይ ያለችው ፍየል በወርቅማ ቀለም እንድትታተም ነበር የታሰበው። ዋጋው አልቻል አለና በቢጫ ወጣች። ክዎርቶን አልወደዳትም። 1,000 ቅጂ ከታተመ በኋላ በጥቁርና ነጭ ተቀየረች። ዛሬ ያቺ ባለቤቷ የጠላት ቢጫ ፍየል ናት ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚያወጡባት። ሙዚቃው ያው ነው። ሸካራነትን እንደ መታወቂያ ወረቀት የሚያሳይ ሰውም አለ፤ «ጥርት ያለ ሜታል የሚሰማ ሰው አይገባውም» የሚል ዓይነት። እሱን ተወው።

ስለ ግጥሞቹ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፤ እኛ ጋ መጠየቁ አይቀርም። ግጥሞቹ ሰይጣን፣ ሞት፣ ጦርነት ናቸው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከአስፈሪ ፊልምና ከኮሚክ የለቀመው ነገር ነው። ራሱም ቆየት ብሎ ተወውና ወደ ጥንታዊ ስካንዲኔቪያውያን ታሪክ ዞረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠሉት ወጣቶች ይህን ሙዚቃ ይሰሙ ነበር፤ እሱ በዚያ ውስጥ የለበትም። ክዎርቶን በ2004 በ38 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ግጥሙ ከእምነትህ ጋር ከተጋጨ ደግሞ አትስማው፤ ማንም ግድ አይልህም። ስለ ድምፅ ለመማር ሌላ ምሳሌ አይጠፋም። ናፓልም ዴዝ የሚባለውን ባንድ «ስከም» የተባለ አልበም ውሰድ። የሸክላው አንድ ጎን በ1986 በርሚንግሃም ውስጥ በ50 ፓውንድ የተቀረጸ ነው። ሌላኛው ጎን በቀጣዩ ዓመት በሌሎች ልጆች ተቀረጸ፤ ሁለቱም ጎን ላይ ያለው ድራመሩ ሚክ ሃሪስ ብቻ ነው። የሚዘፍኑት ስለ ኩባንያዎችና ስለ ፖለቲካ ነው።

መልሰህ ለመስማት ከፈለግህ ጆሮ ውስጥ የምትገባዋን ሄድፎን አውልቃት። እሷ ድምፁን አንጎልህ መሀል ታስቀምጠዋለች፤ ይህ አልበም ደግሞ አየር ይፈልጋል። በስፒከር አድርገው፣ ከስፒከሩም ትንሽ ራቅ በል። «ባስ ቡስት» የሚባለውን አጥፋው፤ የሌለ ቤዝ ፍለጋ ድምፁን ያበላሸዋል። ከዚያ ከፍ አድርግ። የዚያን ዘመን ሸክላ እንደ ዛሬው እስከ ጣሪያ ድረስ ተጨምቆ አልተሠራም፤ ከዘመናዊ ዘፈን ቀጥሎ ስታጫውተው ዝቅ ብሎ የሚሰማህ ለዚህ ነው። ከመግቢያው እስከ መውጫው ሳታቋርጥ ስማው። 27 ደቂቃ ነው፤ አንድ ማኪያቶ ነው።

በመጨረሻ ወደ አንተ ክፍል። ሆን ብለህ እንዲህ ትቅረጽ ወይ? «ሎ-ፋይ» (ድምፅን የደከመ የሚያስመስል) ፕላጊን ገዝተህ ንጹሕ ቀረጻ ላይ ሹክሹክታ አትጨምር። ያ ልብስን በአዲሱ ቀድዶ መልበስ ነው፤ ይታወቃል። ከዚያ ይልቅ ራስህን ገድብ። ፕሮጀክት ስትከፍት 8 ትራክ ብቻ ፍጠር፤ ዘጠነኛ የለም በል። የድራም ፕሮግራሙን ወደ አንድ ስቴሪዮ አውጥተህ ዝጋው፤ ተመልሰህ አትክፈተው። አንድ ማይክ አለኝ ብለሃል፤ ይበቃል። አምፕህን ወለል ላይ አስቀምጥ፣ ማይኩን መጀመሪያ ስፒከሩ አፍንጫ ላይ፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አድርገህ ሁለቱንም ቅረጽና አወዳድር። የሁለተኛው ውስጥ ክፍልህ ይሰማል። ለሙዚቃህ ያ ይጠቅም እንደሆነ የምታውቀው እዚያ ነው።

ሪፍህንም በዚያው ድምፅ ላይ ድረሰው፤ በንጹሕ ድምፅ ደርሰህ በኋላ አታቆሽሸው። ዲስቶርሽኑንና ሪቨርቡን መጀመሪያ አብራ። ከዚያ ተጫወትና የማይሰማውን ኖታ አውጣው። ኮርድህ አራት ጣት ከሆነና ሁለቱ ብቻ የሚሰሙ ከሆነ ሁለቱን ብቻ ተጫወት። አንድ ዘፈን እንዲህ ጨርሰህ ከቀረጽከው ላከውና አብረን እንስማው፤ ግን ማስተር (የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ) ሳታደርገው ላክ።